የራስን መኪና ለመሥሪያ ቤት ሥራ መጠቀም፦ ወጪው እንዴት ይወራረድ?

ጠያቂ፦ ጀንፈል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ላይ ቢሮ ያለው የግል ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ የጥራት ክትትል እሠራለሁ። የድርጅቱ መኪና ስለማይበቃ በራሴ ራቭ ፎር (ቤንዚን፣ ኮድ 2) ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች እንድወጣ ተጠይቄአለሁ። በወር ወደ 1,200 ኪ.ሜ. ይሆናል፤ 700 ያህሉ አስፋልት ነው፣ 500ው ከአጋሮና ከሊሙ መስመር የሚገነጠል ፒስታ (አስፋልት ያልለበሰ መንገድ)። ደመወዜ 25,000 ብር ነው።

ሁለት ምርጫ ቀርቦልኛል። አንደኛው በየወሩ ከደመወዝ ጋር 20,000 ብር የትራንስፖርት አበል፣ ደረሰኝ የማይጠየቅበት። ሁለተኛው በደረሰኝ የሚወራረድ ነዳጅ ብቻ። ለጎማ፣ ለዘይት፣ ለኢንሹራንስ የተባለ ነገር የለም። የትኛው ይሻላል? ሦስተኛ መንገድ ካለስ ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

---

መልስ፦ ሌጀር

ደረሰኝ የማይጠየቅበት የሚለው ቃል ጆሮ ላይ ይጥማል፤ ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ያከስራል።

20,000ው ከደመወዝ ጋር በአበል ስም ሲከፈል ከግብር ነፃ የሚሆነው በገንዘብ ሚኒስቴር መመሪያ ጣሪያ ልክ ብቻ ነው። ሲሠራበት የቆየው ጣሪያ የደመወዝ ሩብ፣ ያውም ከ2,200 ብር ሳይበልጥ ነው። የእርስዎ ሩብ 6,250 ስለሚሆን ጣሪያው 2,200 ላይ ይቆርጠዋል። (የሒሳብ ክፍላችሁ በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ አውጥቶ ያረጋግጥ፤ የቆየ ፎቶ ኮፒ ይዘው የሚሠሩ አሉ።) የቀረው 17,800 ብር ደመወዝዎ ላይ ይደመራል። በአዋጅ 1395/2017 በተሻሻለው ማስከፈያ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35% ስለሚከፈልበት 6,230 ብር ለግብር ይሄዳል። እጅዎ የሚገባው 13,770 ብር ነው። ይህን ከነዳጅዎ ጋር ያስተያዩት።

በሥራ ጉዞ ላይ የወጣን ወጪ መልሶ መክፈል ግን ሌላ ነገር ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 65 ሠራተኛው በሥራ ምክንያት ያወጣው የጉዞ ወጪ ሲተካለት ነፃ ገቢ ነው። ልዩነቱ ያለው በማስረጃው ላይ ነው። የት እንደተሄደ፣ ለምን እንደተሄደ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ኦዲተሩ ክፍያውን ደመወዝ ነው ብሎ ይፈርጀዋል፤ ግብሩን ቆርጦ ማስቀረት የነበረበት ቀጣሪው ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ድርጅቱ ነው። ሥራ አስኪያጁን የሚያሳምነው ነጥብ ይኸው ይመስለኛል፦ አበሉ ለእናንተም አይበጅም ይበሉት።

ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት የሚነዳው የሥራ ጉዞ አይደለም። ውሎ አበልም ለምግብና ለማደሪያ ነው፤ ውሎ አበል ስለተከፈለዎት የመኪናው ወጪ ተካቷል የሚል ካለ አይቀበሉት።

---

መልስ፦ ክሪክ

ወንድሜ፣ ሦስተኛው መንገድ የኪሎ ሜትር ተመን ነው፤ ለሥራ በነዳኸው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የተወሰነ ብር ይከፈልሃል። አሠራሩን ላሳይህ። ዋጋዎቹ ለማስያ የያዝኳቸው ናቸው፤ አንተ የራስህን ቀን ዋጋ አስገባበት።

መጀመሪያ የነዳጅ ፍጆታህን በግምት ሳይሆን በልክ እወቅ። ታንከሩን ሙላ፣ የማደያው መቅጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጭ ብሎ ሲያቆም በዚያው ተወው፤ ቀድተህ አትጨምርበት። ቆጣሪውን መዝግብ። ቢያንስ 300 ኪ.ሜ. ነድተህ እዚያው ማደያ፣ ከተቻለ እዚያው ፓምፕ፣ መኪናው በዚያው አቅጣጫ ቆሞ እንደገና ሙላ። የነዳኸውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍል። ጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ 90 ኪ.ሜ. ያህል ስለሆነ ለዚህ አይበቃም፤ የአሞላሉ ስህተት ሁለት ሊትር ቢሆን እንኳ ውጤቱን ያበላሸዋል። አስፋልቱንና ፒስታውን ለየብቻ ለካ። ፒስታ ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ስለምትነዳ፣ ክረምት ደግሞ ጎማው ጭቃው ላይ ስለሚሽከረከር ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በሊትር አስፋልት ላይ 11፣ ፒስታ ላይ 8 ኪ.ሜ. ወጣልህ እንበል። 700 ለ11 ሲካፈል 63.6 ሊትር፣ 500 ለ8 ደግሞ 62.5 ሊትር፤ በድምሩ 126.1 ሊትር። ሊትሩን 130 ብር ብንይዝ 16,393 ብር፣ በኪሎ ሜትር 13.66። ሌጀር የጠቀሰው 13,770 ብር ነዳጁን እንኳ አይሸፍንም ማለት ነው።

ወደ ሌላው ስንሄድ፦

ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪ.ሜ. 6,000 ብር ቢፈጅ በኪሎ ሜትር 1.20 ነው።

ጎማ ላይ ሰው ይሳሳታል። አስፋልት ብቻ ቢሆን አንድ ሙሉ ቅያሪ 40,000 ኪ.ሜ. ሊሄድ ይችላል። ግማሽ ያህሉ ሹል ድንጋይ ያለው ፒስታ ከሆነ ግን 25,000 መያዝ ይሻላል፤ ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ይቀደዳል፣ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ ጎሚስታ አያድነውም። አራት ጎማ በ11,000 ብር 44,000 ነው፤ ለ25,000 ሲካፈል 1.76።

እግር (ሾክ አብዞርበር፣ ቦል ጆይንት፣ ጎሚኒዎች፣ ፍሬን ሸራ) ደግሞ ፒስታው በዓመት 30,000 ብር ያህል ጉዳት አደረሰበት እንበል። ለሥራ የምትነዳው በዓመት 14,400 ኪ.ሜ. ስለሆነ 2.08። ይህ ሙሉ በሙሉ በሥራው ላይ የሚጣል ነው፤ እዚሁ ጅማ ከተማ ውስጥ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ ብቻ ብትመላለስበት ቦል ጆይንትህ እንዲህ አይላላም።

ኢንሹራንስ፣ ቦሎና ዓመታዊ ምርመራ በድምሩ 30,000 ቢሆን የሚካፈለው ለሥራው ብቻ ሳይሆን በዓመት ለምትነዳው ጠቅላላ ኪሎ ሜትር ነው። ጠቅላላው 20,000 ከሆነ 1.50።

ድምሩ 13.66 + 1.20 + 1.76 + 2.08 + 1.50 = 20.20 ብር በኪሎ ሜትር። በወር 24,240። ነዳጅ ብቻ ሲከፈልህ ከወጪው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ከኪስህ እየከፈልክ ነው፤ ያ ሲሶ ደግሞ በየወሩ ስለማይታይ፣ ጎማ የምትገዛ ዕለት ድንገት ይመጣል።

ተመኑን ግን 20.20 ብለህ አታስጽፍ። ነዳጅ በተከለሰ ቁጥር ደብዳቤ ስትጽፍ ትኖራለህ። ቀመሩን አስጽፍ፦ የዕለቱ የጅማ ማደያ ዋጋ ለ9.5 (1,200 ኪ.ሜ. ለ126.1 ሊትር ሲካፈል) ተካፍሎ፣ ሲደመር 6.54 (ከነዳጅ ውጭ ያሉት ወጪዎች ድምር)። ሊትሩ በ10 ብር ቢጨምር ተመኑ ራሱ በ1 ብር ከ5 ሳንቲም ያድጋል። የጅማ ዋጋ የሚለው ቃል አይቅር፤ የማጓጓዣ ስለሚታከልበት የአዲስ አበባው ዋጋ አይደለም እዚህ የሚከፈለው። 6.54ቷ በዓመት አንዴ ትታይ።

የእርጅና ቅናሽ አልደመርኩም። ቀጣሪዎች የሚሉትን አውቃለሁ፤ መኪና እዚህ አገር በብር ሲታይ ዋጋው ይጨምር የለም ወይ ይላሉ። ይጨምራል። ግን ያው ዓይነት ሆኖ 60,000 ኪ.ሜ. ያነሰ የሄደ መኪና በምን ያህል እንደሚበልጥ ገበያ ወጥቶ መጠየቅ ነው፤ ልዩነቱ ለ60,000 ሲካፈል ያንተ እርጅና እሱ ነው። ለድርድር በእጅህ ያዘው።

---

መልስ፦ ሰም

ለምን ይሄን ሁሉ? መኪናውን ለድርጅቱ አከራይ። የኪራይ ውል ይፈረም፣ በወር ይከፈልህ፣ አለቀ። ሎግ ሺት (የጉዞ መዝገብ) መሙላት የለ፣ ደረሰኝ መልቀም የለ።

---

መልስ፦ ሌጀር

ሰም፣ አላለቀም። አልፎ አልፎ የሚገኝ የንብረት ኪራይ በገቢ ግብር አዋጁ አንቀጽ 58 ከጠቅላላው ላይ 15% ይከፈልበታል፤ ወጪ አይቀነስለትም። 24,240 ቢከራይ 3,636 ብር ግብር ነው፤ ጎማውንና ዘይቱንም አከራዩ ነው የሚችለው። በየወሩ የማይቋረጥ ሲሆን ደግሞ ይህ ንግድ ነው፣ ፈቃድ አውጣ የሚል ጥያቄ ይከተላል። ሰሌዳው ኮድ 2 ነው፤ በክፍያ የሚከራይ መኪና ኮድ 3 ነው። በሰው መኪና ሾፌር መድቦ የሚያሠራ ድርጅት ቢሆን ኪራይ ትክክል ነው። ባለቤቱ ራሱ እየነዳ የራሱን ሥራ ለሚሠራበት ግን ወጪን መተካት ይሻላል።

የንግድ ፈቃድ ኖሮት መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፦ የመኪናውን ወጪ ለንግዱ በዋለበት መጠን ይቀንሳል፤ እርጅናውንም በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት በቀጥተኛ ዘዴ 15% ወይም በሚቀንስ ሒሳብ 20% ይይዛል፣ ያውም የንግዱን ድርሻ ብቻ። ተቀጣሪ ይህን መጠየቅ አይችልም፤ ከደመወዝ ላይ የመኪና ወጪ የሚቀነስበት አሠራር የለም። ስለዚህ ለተቀጣሪ ያለው በር ቀጣሪው ብቻ ነው።

---

መልስ፦ ኩፖን

ሒሳቡ ተነግሯል፤ እኔ ወረቀቱ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚያ ነው።

ሎግ ሺት። ለአንድ ጉዞ አንድ መስመር አይበቃም፤ መንገዱ በተቀየረበት ሁሉ ቆጣሪው ይጻፍ። እንዲህ፦

ጥቅምት 12፣ መነሻ ቢሮ 148,312፤ አጋሮ 148,358 (አስፋልት 46)፤ ማጠቢያ ጣቢያ 148,371 (ፒስታ 13)፤ ቢሮ መመለሻ 148,430። ጠቅላላ 118 ኪ.ሜ.። ምክንያት፦ የእሸት ቡና ቅበላና የፍላት ሰዓት ቁጥጥር። የጣቢያው ኃላፊ ፊርማ።

«የመስክ ሥራ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ምክንያት ዋጋ የለውም። 120፣ 100፣ 150 እየተባለ የተጠጋጋ ቁጥር የተደረደረበት ወረቀት ደግሞ ማታ ቤት ቁጭ ተብሎ እንደተሞላ ከሩቅ ያስታውቃል። የዛሬው መመለሻና የሚቀጥለው መነሻ መካከል ያለው ክፍተት የግል ጉዞዎ ነው፤ ባዶ አይተዉት፣ «የግል» ብለው ድምሩን ብቻ ይጻፉ። ቆጣሪው ሳይቋረጥ ከወር ወር ሲያያዝ ማንም አይከራከርዎትም።

ጠዋት ከቤት በቀጥታ ወደ መስክ ከሄዱ ከቤትና ከቢሮ የቅርቡን መነሻ ይቁጠሩ፤ ይህን የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ካለ ጭቅጭቅ የለም።

የጎማ ልክ። ለፒስታ ብለው ከ215/70 አር 16 ወደ 225/75 አር 16 ከፍ ካደረጉ ዙሪያው 5% ያህል ስለሚጨምር ቆጣሪው ያንሳል። 1,200 ነድተው 1,141 ያነብልዎታል፤ በ20.20 ተመን በወር 1,190 ብር ገደማ ጠፋ። የነዳጅ ፍጆታዎም የተባባሰ ይመስላል። ጎማ ሲቀየር ቆጣሪውን በስልክ ጂፒኤስ ረጅም አስፋልት ላይ አስተያይቶ ልዩነቱን በጽሑፍ ማስያዝ ነው።

የነዳጅ ደረሰኝ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ሞባይል መተግበሪያ ስለሆነ ማስረጃው በከፋዩ ስም ነው የሚመጣው። የስልክ ስክሪን ፎቶ ብቻ አያስገቡ፤ ከአጭር መልእክቱ ጋር የሚመጣውን ማያያዣ ከፍተው ደረሰኙን ያትሙ፣ ሰሌዳ ቁጥርዎንና የቀኑን ቆጣሪ በእጅ ጻፉበት። የወንድምዎ ስልክ ላይ ከፍለው የመጣ ደረሰኝ ይመለሳል። ሲከፈል የሰሌዳ ቁጥር በትክክል መግባቱን እዚያው ይመልከቱ፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ያ ነዳጅ የሌላ መኪና ነው።

የዘይት፣ የጎማና የመለዋወጫ ደረሰኝ በኪሎ ሜትር ተመን ውስጥ ስለተካተተ ለየብቻ አይወራረድም። ቢሆንም አይጣል። 6.54ቷ ከየት መጣች ሲባል ፋይሉ ውስጥ መገኘት አለበት። የጎሚስታውን ቀዳዳ መድፈኛና የመኪና እጥበት ግን እርሱት፤ ደረሰኝ የሌለው ትንሽ ወጪ በተመኑ ውስጥ ነው የሚዋጠው።

ኢንሹራንስ። በአዋጅ 799/2005 ሦስተኛ ወገን ግዴታ ስለሆነ እሱ አለዎት። ከመድን ድርጅቱ ጋር መነጋገር ያለብዎ ስለ ሙሉ ኢንሹራንሱ ነው። ፖሊሲው ላይ አጠቃቀሙ «የግል» ተብሎ ከተጻፈና አደጋው የደረሰው ባልደረቦችና የናሙና ከረጢት ጭነው ሳለ ከሆነ ለክርክር በር ይከፍታል። አስቀድመው በደብዳቤ አሳውቀው ባለቤቱ ለሥራው እንደሚገለገልበት በፖሊሲው ላይ ማሻሻያ ያስጽፉ። ጭማሪ አረቦን ከጠየቁ እሱን ተመኑ ላይ መደመር ነው። አደጋ ሲደርስ መድን ድርጅቱ የማይከፍለው፣ በባለመድኑ ላይ የሚቀር ተቀናሽ አለ፤ በሥራ ጉዞ ላይ ከሆነ ማን እንደሚከፍለው ውሉ ይናገር። ይህን አንቀጽ የሚረሳ ብዙ ነው።

ውሉ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፦ የመኪናው ሊብሬ ቁጥር፣ ቀመሩ፣ መነሻ ቦታው፣ ሎግ ሺቱ የሚቀርብበት ቀን፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የተቀናሹ ጉዳይ፣ ተመኑ የሚከለስበት ወር።

---

ጠያቂ፦ ጀንፈል

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ቀረኝ። ማደያ ላይ ነዳጅ ሲጠፋ ከጀሪካን የሚገዛው እንዴት ይወራረዳል? ደግሞ ሒሳብ ክፍሉ በሦስት ወር አንዴ አቅርብ እያለኝ ነው፤ ችግር አለው?

---

መልስ፦ ኩፖን

የጀሪካኑ አይወራረድም። ሕገወጥ ነው፣ ደረሰኝ የለውም፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም፤ የነዳጅ ፓምፕ ከተቃጠለ ከቆጠቡት ሰዓት በላይ ነው የሚያስከፍልዎ። ተመኑ በይፋዊው ዋጋ ስለሚሰላ ልዩነቱ ከኪስዎ ነው። ወረፋው ሲበዛ መውጫ ቀኑን በጽሑፍ ማዛወር ይሻላል፤ በቅበላ ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ታንከሩ ከግማሽ ሳይወርድ መሙላትን ልማድ ማድረግም እንዲሁ።

---

መልስ፦ ሌጀር

በሦስት ወር አይሁን፣ በየወሩ ይሁን። በሦስት ወር ከ70,000 ብር በላይ የራስዎን ገንዘብ ለድርጅቱ ያለ ወለድ አበደሩ ማለት ነው። ካልሆነም መነሻ የሚሆን ቅድመ ክፍያ ይጠይቁና እሱን እያወራረዱ ይቀጥሉ።

ሁለት ቀን ይጠንቀቁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሰኔ ሎግ ሺት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሲገባ ያለፈው ዓመት ወጪ ነው ተብሎ ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ ሰኔን እስከ 25 ያለውን አስቀድመው ያስገቡ፣ የቀሩትን አምስት ቀናት ደግሞ ሰኔ 30 ከሰዓት በፊት።

ሌላው ጳጉሜን ነው። የጳጉሜን ደመወዝ የለም፣ የጳጉሜን ኪሎ ሜትር ግን አለ። ፎርሙ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ስላለው ሰው ወይ ይረሳዋል ወይ መስከረም ላይ ይደምረዋል፤ ያኔ የመስከረም 1 መነሻ ቆጣሪ ከነሐሴ 30 መመለሻ ጋር አይገጥምም። ነሐሴ ሥር «ጳጉሜን» ብለው ለብቻ መስመር ይስጡት።

---

መልስ፦ ክሪክ

አንድ ልጨምር። ከኅዳር እስከ የካቲት የጣቢያዎቹ መንገድ አቧራ ነው። የአየር ፊልትሮውን ዘይት እስክትቀይር አትጠብቅ፤ በየሁለት ሳምንቱ አውጥተህ ከውስጥ ወደ ውጭ አስነፋው። በአቧራ ታፍኖ ፒስታ ላይ በሊትር የምትሄደው ከ8 ወደ 7 ኪ.ሜ. ቢወርድ በወር 9 ሊትር ገደማ ነው፣ ተመኑ ደግሞ በ9.5 ተፈርሟልና ማንም አይተካልህም።